ከጨው ጫኞቹ ኋላ

የንጉሡ ግቢ ወደ እንጦጦ ከተሻገረ በኋላ አንኮበር ብዙ ሰው ጎድሎባት ነበር። እኛ የምንሄድበት ስላልነበረን ቀረን። ባለቤቴን ውጋት የያዛት በዚያ ሰሞን ነው። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ «የነፍስ አባቴን አምጣልኝ፤ ስትመለስ ላንተም የምነግርህ አለ» አለችኝ። አሁን ንገሪኝ ብላት፣ «ሂድ፣ ቀኑ ይሄድብሃል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የነፍስ አባቷ የሚኖሩት በተወለደችበት መንደር፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነበር። ወርጄ አገኘኋቸው፤ በበቅሎዬ አስቀምጫቸው ሽቅብ ተመለስን። አቀበቱን ስናጋምስ ከአልዩ አምባ ጨው ጭነው እንደኛው ሽቅብ የሚወጡ አህዮች ፊታችን ተደቀኑ።

መንገዱ አንድ ከብት ብቻ የሚያስኬድ ነው፤ በአንድ ወገን ድንጋይ፣ በአንድ ወገን ገደል። የተጫነ አህያ በገደሉ ጫፍ ይሄዳል፤ በድንጋዩ በኩል ከሄደ ጭነቱ ድንጋዩን ይነካና ገፍቶ ይጥለዋል። ስለዚህ ከኋላ የመጣ ሰው በድንጋዩ በኩል ሰርጎ ልለፍ ቢል፣ ገደል የሚገባው እሱ ሳይሆን የቀደመው ነው። ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከኋላ ያለው ይጣራል፣ መንገዱ ሰፋ ካለበት ሲደርሱ ባለጭነቱ ከብቶቹን አቁሞ ያሳልፋል።

ተጣራሁ። ነጋዴው፣ ጺሙን ሂና የቀባ ሽማግሌ፣ ዞር ብሎ «እስከ ሾላው ታገሰኝ ወንድሜ» አለ።

«ባለቤቴ ታማብኛለች።»

«አላህ ያሽርልህ። እዚህ ብታልፈኝ ግን አህዮቼ ገደል ይገቡብኛል። ወላሂ፣ ሾላው ጋ መንገዱ ሲሰፋ አሳልፍሃለሁ።»

አባም ከበቅሎዋ ላይ ሆነው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ» አሉኝ። በሰው ሚስት ሕመም ተረት አይጠፋም። ግን እውነታቸውን ነበር፤ ተከተልኩ። የመጨረሻዪቱ አህያ በየጥቂቱ ትቆማለች፤ ስትቆም እቆማለሁ። ጨዉ የታሰረበት ልጥ ከኋላዋ ተፈትቶ ይወዛወዝ ነበር። መናደድ ነበረብኝ፤ አልተናደድኩም። ምንም አይሰማኝም ነበር።

ሾላው ጋ ስንደርስ ሽማግሌው ቃሉን ጠበቀ። አህዮቹን አንድ በአንድ ወደ ድንጋዩ አስጠግቶ አቆመና የበቅሎዬን ልጓም ራሱ ይዞ አሳለፈን።

ቤት ስንደርስ በሕይወት ነበረች። አየችኝ። አባ «ልጄ፣ ውጣልን» አሉኝ፤ ኑዛዜ ባል አይሰማውም። ደጅ ቆሜ ኮርቻውን ፈታሁ፣ የበቅሎዋን ላብ ጠረግሁ። አባ ወጥተው ስገባ ትተነፍሳለች፣ አትናገርም። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ሳይመሽ ዐረፈች።

ከቀብሩ በኋላ፣ እንደማይነግሩኝ እያወቅሁ አባን ጠየቅኋቸው። «ለእኔ የነገረችኝ የእግዚአብሔር ነው። ያንተንማ ላንተ አቆይታው ነበር» አሉኝ። ለቀስተኛውም «ተናዝዛ ነው የሞተች፣ ተመስገን በል» አለኝ። ተመስገን አልኩ። እንባ ግን አልመጣልኝም።

ከተዝካሩ በኋላ ጨው ልገዛ አልዩ አምባ ወረድኩ። ሽማግሌው ከሩቅ አውቆኝ ሥራውን ትቶ መጣ።

«ያን ቀን ደረሳችሁላት?» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»



«በደህና ደረስን» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» ብሎ ተቀመጠ። እሷስ እንዴት ናት ብሎ ሳይጠይቀኝ የገዛሁትን ጨው አንስቼ ሄድኩ።