ማስቲሽ ያልነካው እጅ

አክስቴ መንገድ ስትሄድ ቀና ብላ አታውቅም። ሰላምታ የምትሰጠው ለሰው ጫማ ነው እያልን እንስቅባታለን። የወደቀ አዝራር፣ የተቀደደ ዚፕ፣ ከተጣለ ማራገቢያ የወጣ የመዳብ ሽቦ፣ የተሰበረ የመነጽር ክንድ፣ ሁሉም ቦርሳዋ ይገባል። ከሳምንት በኋላ ያው ውዳቂ ጉትቻ ሆኖ ሲወጣ ግን ተሻምተን የምንወስደው እኛው የሳቅነው ነን። እናቴ «እህትሽ ቆሻሻ ትለቅማለች» ሲሏት ፊቷ ይቀላል፤ ጉትቻውን ግን ከጆሮዋ አታወርደውም።

እኔም ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ የቢሮ ሥራዬን ትቼ ከአክስቴ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ሕጓ አናደደኝ። አይበሳም፣ አይጣበቅም። ሁሉም ነገር የሚያዘው በሽቦ ተጠምጥሞ ብቻ ነው። «ባለቤቱ የመጣ ቀን ፈትተን እንሰጠዋለን» ትላለች።

«እትዬ፣ ለዛገ ዚፕ ደግሞ ማን ይመጣል?»

«ይምጣ አይምጣ አንቺ ምን አገባሽ? ጠምጥሚ!»

ባለፈው ዓመት ፊት ለፊታችን ይሠራ የነበረው ሰዓት ሠሪ ሞተ። ልጆቹ ክፍሉን ሲያጸዱ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የሰዓት ዕቃ አውጥተው ጣሉ። አክስቴ ከውስጡ የአንድ የሴት ሰዓት ዕቃዎች ለብቻቸው በወረቀት ተጠቅልለው አገኘች። ሁለት ወር ፈጅታ ሐብል አደረገቻቸው። እንደዚያ ያለ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም። ከምስር ያነሱት ጥርሳም መዘውሮች ሁሉ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ተይዘው ነበር። ሐብሉ ለእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ተመረጠላት፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው።

ኤግዚቢሽኑ ሁለት ቀን ሲቀረው መሃል ያለው መዘውር ትንሽ ሲወዛወዝ አየሁ። አክስቴ ወጣ እንዳለች አንድ ጠብታ ማስቲሽ ጣል አደረግሁበት። ቀጥ አለ። እኔም ሞኟ በራሴ ኮራሁ።

በማግስቱ የሰዓት ሠሪው ሚስት መጡ። ተቀመጡ ብንላቸውም እሺ አላሉም።

«ልጆቼ ቆርቆሮውን ጣልነው አሉኝ» አሉ። «የኔ ሰዓት እዚያ ውስጥ ነበር። ሊጠግንልኝ ፈታትቶት ሳይገጥመው ታመመ። ሰዓት ሠሪ ጓደኛው ደግሞ ምንም ሳይጎድል ካገኘሽው እገጥምልሻለሁ ብሎኛል። አንቺ አንስተሽው ይሆን?»

አክስቴ ሐብሉን ከሳጥኑ አወጣች። ስለ ኤግዚቢሽኑ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ፒንሳዋን አንስታ የሁለት ወር ድካሟን መፍታት ጀመረች። እንዳልናገር አፈርኩ፣ ዝም እንዳልል ደግሞ ወደ መሃሉ እየተጠጋች ነው። ደረሰች። መዘውሩ አልለቅም አለ። ቀስ ብላ ሳብ ስታደርገው ሁለት ጥርሱ ረገፈ።

አክስቴ ጠርዙ ላይ የደረቀውን ማስቲሽ አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«እጄ ከዳኝ፣ እህቴ» አለቻቸው። «ሰበርኩብሽ። ይቅር በይኝ።»

በሠፈሩ የእሷን እጅ የማያደንቅ የለም። ሌላ የምትኮራበት ነገር የላትም፤ እሱኑ ለኔ ጥፋት አሳልፋ ሰጠችው።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። «ማስቲሽ ያደረግሁበት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም።»

ሴትዮዋ የረገፉትን ጥርሶች በጣታቸው ጫፍ ለቃቅመው ከቀረው ጋር መሐረባቸው ውስጥ ቋጠሩ። ከዚያ አክስቴን ቀና ብለው አዩአት።

«ለዚች ብለሽ ስምሽን ልታበላሺ ነበር?»

«የኔ ስም ተሠርቶ አልቋል» አለች አክስቴ። «የሷ ገና ነው።»

ሴትዮዋ ሰዓቱን ይዘው ወጡ። አክስቴ ባዶውን ሳጥን ዘጋችና ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳበችልኝ። ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።