የማንም ያልሆነው ቢሮ

ኢስፔራንቶ የሚባለውን ቋንቋ ያወቅኩት በስልኬ ነው። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ሆን ተብሎ የተፈጠረ፣ የየትኛውም አገር ያልሆነ ቋንቋ ነው። ስሙ በማይጠራ አገር ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ የቀረጹ ፊልም ሠሪዎች የሱቁንና የፖሊስ ጣቢያውን ሰሌዳ በዚህ ቋንቋ የጻፉበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን «የሰደባችሁት እኛን ነው» ብሎ የሚነሣ አይኖርም።

ይህ እውቀት ነቀምቴ ላይ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የፊልም ክበብ አቋቋምን። ተማሪዎቼ የመጀመሪያ ታሪካቸውን ለአንዲት ፊርማ ቢሮ ስለሚመላለስ ገበሬ ጻፉ። ርዕሰ መምህራችን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባርሲሳ» አሉኝ፤ እዚህ መምህር የሚጠራው እንዲህ ነው። «በአማርኛ ብትሠሩት አንዱ ይቀየማል፤ በአፋን ኦሮሞ ብትሠሩት ሌላው። ለፊልሙ ምረቃ የክፍለ ከተማው ኃላፊ ተጋብዘዋል። አንድ ሰው ከተቀየመ ክበቡን እዘጋዋለሁ።»

«በኢስፔራንቶ እንሠራዋለን።»

«እሱ ደግሞ የማን ነው?»

«የማንም።»

«እንግዲያው ይሁን።»

ለቀረጻው ባዘጋጀነው ክፍል በር ላይ «ኦፊትሴዮ»፣ ማለትም ቢሮ፣ ብለን ለጠፍን። ገበሬው ጉዳዩን ሲናገር ጸሐፊዋ ጥፍሯን እያየች «ሬቬኑ ሞርጋው» ትለዋለች፤ ነገ ተመለስ ማለት ነው። አምስት ጊዜ ይመለሳል። አለቃው የሉም፤ ያለው ወንበራቸው ላይ የተሰቀለው ኮት ብቻ ነው። አልባሳቱን የማሰባሰቡን ሥራ ለተማሪዎቹ ትቼው ነበር።

የምረቃው ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ጸሐፊዋ አንዴ ስትናገር አንዲት የተማሪ እናት ከኋላ «ነገ ና እያለችው ነው!» ብለው ጮኹ። በሦስተኛው ላይ አዳራሹ ሁሉ አብሯት «ሬቬኑ ሞርጋው!» አለ። ክፍሌ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ በአንድ ድምፅ ተመልሶልኝ አያውቅም። እንግዳው ኃላፊ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። «ይሄስ የእኛ ቢሮ አይደለም!»

እኔም ተነፈስኩ። በዚህ መሃል ካሜራው ወደ ኮቱ ቀረበ። ቡናማ ነው፤ ክርኑ ላይ ቆዳ ተለጥፎበታል። መምህራኑ አንድ በአንድ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩ። እሳቸው ሹራብ ብቻ ለብሰው ነበር፤ ሳቃቸው ተቋረጠ።

ወደ አንዱ ተማሪዬ ጎንበስ አልኩ። «ከየት አመጣችሁት?»

«ከቢሯቸው፣ ባርሲሳ። ሁልጊዜ እዚያው ስለሆነ የቢሮ ዕቃ መስሎን ነው።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሳምንት።»

ሳምንቱን ሙሉ ኮቱ መጥፋቱን አላወቁም ማለት ነው።

መብራቱ በራ። ርዕሰ መምህሩ ተነሡ። ክበባችን አለቀለት ብዬ ጠበቅኩ። ነገር ግን ተቀየምኩ ለማለት መጀመሪያ ኮቱ የእኔ ነው ማለት ነበረባቸው፤ ያውም በኃላፊው ፊት።

«ማንም አልተቀየመም» አሉ ጮክ ብለው። «ክበቡ ይቀጥላል።»

ጭብጨባው ሲያይል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ኮቴን ዛሬውኑ መልስ።»

«የት ላስቀምጠው?»

«ወንበሩ ላይ ነዋ! ሌላ የት ይቀመጣል?»