ውሻዋ የታሰረችባቸው አሥር ቀናት

ባለቤቴን የነከሰቻት ውሻ እኔ ራሴ ያመጣኋት ናት። ይህን አስቀድሜ ልናገረው፤ የእነዚያን ቀናት ፍርሃት ያከበደብኝ እሱ ነውና።

አርብ ገበያ ከተማ፣ ከእንስሳት ክሊኒኩ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ትንሽ ግቢ አለች። አንዲት የእንስሳት ሐኪምና ሁለት አስተማሪዎች ተማክረው ባለቤት የሌላቸውን ውሾች የሚያኖሩባት ናት። ሥጋ ቤቶቹ አጥንት ይሰጧቸዋል፣ ወፍጮ ቤቱ የወለል ጥራጊ ዱቄት ይሰጣቸዋል፤ ውሾቹ ቁስላቸው ሲድን የሚወስድ ሰው ይፈልጉላቸዋል። በዚያ ዓመት አሮጌው ውሻችን ሞቶብን፣ ጅብ እስከ በረቱ ደጃፍ እየመጣ ነበር። አንድ አርብ ገብሴን ሸጬ ስጨርስ ወደዚያች ግቢ ጎራ አልሁ።

አንዲት ቡላ ውሻ ጥግ ይዛ ተኝታለች፤ አንገቷ ላይ የገመድ ቁስል አለባት። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት።

«አባቴ፣ እሷን ለመውሰድ ትንሽ ይታገሡ። ክትባቱ ገና አልመጣም። ሲመጣ ከትበን እንሰጥዎታለን» አለችኝ።

«እኔስ በታገሥሁ፤ ጅቡ መች ይታገሠኛል?» አልኋት።

ሳቀች፤ ግን ደግማ «ይታገሡ» አለች። ለመንኋት። ሽማግሌን እምቢ ማለት ከበዳትና ሰጠችኝ። ሽምግልናዬን ለክፉ ነገር የተጠቀምሁበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው።

ሳምንት ያህል ደህና ሰነበተች። ከዚያ አንድ ጠዋት ባለቤቴ ጭራሮ በብብቷ ይዛ በአጠገቧ ስታልፍ፣ ከተኛችበት ብድግ ብላ እጇን ነከሰቻት። ባለቤቴ ጭራሮውን ጥላ ቆመች። ከአውራ ጣቷ ሥር ሁለት ቀዳዳ፣ ደሙ በክርኗ ይወርዳል።

ለሐኪሟ ስልክ ደወልሁ። እየተቻኮለች ሦስት ነገር ነገረችኝ። አንደኛ፣ ቁስሉን አሁኑኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለረጅም ጊዜ እጠቡት። ሁለተኛ፣ ዛሬውኑ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ውሰዷት፣ የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌው ያለው እዚያ ነው። ሦስተኛ፣ ውሻዋን እንዳትገድሏት፤ አጥብቃችሁ እሰሩና አሥር ቀን ጠብቁ። አሥሩን ቀን በጤና ካለፈች፣ በነከሰች ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ አልነበረባትም ማለት ነው። ጠባይዋ ከተለወጠ ወይም ከሞተች ግን ወዲያው ደውሉ።

የባለቤቴን ቁስል አጥቤ ሳልጨርስ ጎረቤቶች ዱላ ይዘው መጡ። በአገራችን የነከሰ ውሻ በዋለበት አያድርም።

«ዞር በል፣ እንገላግልህ» አለኝ አንዱ።

«ከሞተች እብድ መሆን አለመሆኗን በምን እናውቃለን?»

«አንተ ሰው፣ የምታዝነው ለሚስትህ ነው ለውሻህ?»

«ለሚስቴ ነው። ስለዚህ ነው ውሻዋ የማትሞተው።»

እየተሳሳቁብኝ ሄዱ።

ዱላ የያዙትን መልሼ፣ ባዶ እጇን የመጣችውን መመለስ አቃተኝ። ከላይ ቤት ያለችው አሮጊት ገብታ ከባለቤቴ አጠገብ ተቀመጠችና፣ «እህቴ፣ ወንዝ እንዳትሻገሪ። ውሻ የነከሰው ሰው ውኃ ከተሻገረ በሽታው ይነሣበታል» አለቻት። ከእኛ ቀበሌ ወደ አርብ ገበያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ወንዝ ያቋርጣል፤ ንፋስ መውጫ የሚሄደው መኪና ከወንዙ ማዶ ነው። ዞሮ መሄጃ የለም።

«አልሻገርም» አለች ባለቤቴ።

«መርፌውሳ?»

«መርፌው እሱ ይሻገር።»

አላስገደድኋትም። እውነቱን ለመናገር፣ ያንኑ ነገር እኔም ከእናቴ ሰምቼው አድጌያለሁ። ሐኪሟ ያለችውን አምኛለሁ፤ ግን ወንዙ መካከል ብትወድቅብኝስ እያልሁ ፈራሁ። እንዲህ ስንል አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ሦስት አለፈ።

በእነዚያ ቀናት ግቢው ጥግ በገመድ ያሰርኋትን ውሻ በቤቱ በር ስንጥቅ አያታለሁ፤ ዞር ብዬ ደግሞ ባለቤቴን አያታለሁ። ውኃ ስትጠጣ በጉሮሮዋ ሲወርድ እጠብቃለሁ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ገና አልጮህሁም» አለችኝ አንድ ጊዜ።

ሳቅሁላት። ሳቄ ግን ከአፌ አላለፈም።

በአራተኛው ቀን ውሻዋ አጠገቧ የነበረውን ውኃ ጨረሰች። በጣሳ ሞላሁና፣ መቅረብ ስለፈራሁ፣ በረጅም አጣና እየገፋሁ ላኩላት። ጣሳው ሲጠጋት ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ ወደ ኋላ ተጎተተች፤ ገመዱ አልበቃ እስኪላት። ጥርሷን አሳየችኝ፤ ለሃጯ ተንጠባጠበ። ጣሳው ተደፋ። እንደገና ሞልቼ ገፋሁት፤ ያው ሆነ። ያበደ ውሻ ውኃ እንደሚፈራ የማያውቅ በእኛ አገር የለም።

ዞር ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። አይታዋለች። ገብታ ጋቢዋን ተከናንባ ተኛች።

ወደ ንስሐ አባታችን ሮጥሁ፤ በእኔ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ። መጥተው ከራስጌዋ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ የፈራሽው የታቹን ወንዝ ነው?»

«አዎ አባቴ።»

«ያ ወንዝ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ታቦት የሚያድርበት ነው። በስንቱ ጥምቀት በዚህ እጄ ባረክሁት። እኔ የባረክሁት ውኃ አንቺን ከጎዳ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ እጠየቅበታለሁ። ተነሺ፣ ፊት ፊት እሻገራለሁ።»

ተነሣች። አባ መስቀላቸውን ይዘው ፊት፣ እሷ መካከል፣ እኔ ኋላ ሆነን ወረድን። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። ነጠላዋን ከኋላ በሁለት እጄ ይዤ ተሻገርሁ፤ ማዶ ስንደርስ ጣቶቼ አልላቀቅ አሉኝ። ከዚያ በሚኒባስ ንፋስ መውጫ ገባን፣ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች፣ ዘመድ ቤት አደርን።

በማግሥቱ ስንመለስ፣ የሆነውን ደውዬ ነግሬያት ነበርና፣ ሐኪሟ አርብ ገበያ ላይ ጠብቃን አብራን መጣች። ውሻዋን ከሩቅ ቆማ ብዙ ጊዜ አየቻት።

«ውኃውን እንዴት ነበር የሰጧት?»

አጣናውን አንሥቼ ላሳያት ስል ውሻዋ እንደ ትናንቱ ወደ ኋላ ተጎተተች።

«ይጣሉት፣ አባቴ» አለችኝ።

ጣልሁት። ሐኪሟ የገመዱን ርዝመት በዓይኗ ለክታ፣ ገመዱ ሲወጠር የውሻዋ አፍ ብቻ ከሚደርስበት ቦታ ጣሳውን አስቀምጣ፣ ሁላችንንም ከቤት ጀርባ ወሰደችን። በአጥሩ ቀዳዳ አየን። ውሻዋ ጥቂት ቆይታ ተነሣች፣ መጣች፣ ጠጣች። የጣሳውን ቂጥ እስክትልስ ጠጣች።

«የፈራችው እንጨቱን ነው። ብዙ ተደብድባለች» አለች ሐኪሟ። «ቢሆንም ቆጠራው አይቋረጥ። መርፌውም አይቋረጥ።»

አልተቋረጠም። ስድስተኛው ቀን፣ ሰባተኛው ቀን፤ ንጋት በመጣ ቁጥር በሩን ከመክፈቴ በፊት ትንፋሼን ውጬ የሰንሰለቷን ድምፅ አዳምጣለሁ፤ በገመድ ፈንታ ሐኪሟ ያመጣችው ሰንሰለት ነበር። በአሥረኛው ቀን ውሻዋ ቆማ ጭራዋን ቆላችልኝ። ሐኪሟ መጥታ አየቻትና «ምንም የለባትም» አለች። ባለቤቴ ይህን ሰምታ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ያን ጊዜ ነው የመጣው።

ውሻዋን ግን አላስቀረናትም። «አልጠላኋትም፤ ግን እሷ ደጄ ላይ ታስራ እኔ ጭራሮ ይዤ መግባት አልችልም» አለች ባለቤቴ። ሐኪሟም ምንም ሳታኮርፍ ወደ ቆርቆሮው ግቢ መልሳ ወሰደቻት። ክትባቱ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ከተቧት። ውሻ ቤቱ ማኖር የማይችል ሰውም የሚሠራው ሥራ እንዳለ ነገረችኝ፤ እኔም አርብ አርብ ከገበያ በፊት ግቢውን እጠርጋለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ። ውሻ ሊወስድ የሚመጣ ገበሬ ሳገኝ፣ ሳይከተብ እንዳይወስድ እለምነዋለሁ። ሰዎቹ የእኔን ያህል ስለማይቸኩሉ ብዙዎቹ ይሰሙኛል።

አሁንም ባለቤቴን በብርድ እጇን ሲቆረጥማት እደነግጣለሁ። ሐኪሞቹ አትፍራ ብለውኛል፤ እኔም ለሰው አልፈራም እላለሁ።

ባለፈው አርብ ልወጣ ስል ባለቤቴ የደረቀ እንጀራ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ። ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «ያቺን ውሻ ሰው ወሰዳት?» አለችኝ።

«አልወሰዳትም» አልኋት።

ምስሯን መልቀም ቀጠለች። እኔም ወንዙ ሳይሞላ ለመሻገር ወጣሁ።