ጋኔን ያሉት ረሃቤን ነው

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ልመስክር ብዬ ተነስቻለሁ፤ ድምፄ ከፍ ቢል ንዴት ነው። ጌታን ላመሰግን ነው የመጣሁት፣ ግን ሳልቆጣ ማመስገን አልቻልኩም፤ ታገሡኝ።

ጌታን ሳላውቅ በፊት እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከባለቤቴና ከልጄ ከብርቱካን ጋር እንኖር ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ሁሉ ነገር ተወደደ። የእኛን ልማድ ታውቁታላችሁ፤ ወንዱ ይበላል፣ ልጅ ይበላል፣ ሴት የተረፈውን ትጠርጋለች። ፉሉም ወተቱም ለእነሱ፣ ለእኔ አሲዳ፣ ያው የማሽላ ገንፎ፣ በጨው። "አንቺስ?" ያለኝ የለም። ጎበዝ ሚስት ይሉኝ ነበር እንጂ!

እየቆየ አንገቴና እጄ ፀሐይ ሲነካው እንደ ቃጠሎ ጠቁሮ ተላጠ። ሆዴ አልረጋ አለ። ከዚያ ጭንቅላቴ ከዳኝ። ድስት ጥጄ እረሳለሁ፤ ማንም ሳይጠራኝ "አቤት" እላለሁ። አንድ ቀን ብርቱካንን አየኋትና "ይቺ የማን ልጅ ናት?" አልኩ። የገዛ ልጄን!

ባለቤቴ ደነገጠ። "ጋኔን ያለባት ሴት ልጅ አታሳድግም" ብሎ ብርቱካንን እናቱ ዘንድ፣ ዶካ ከተማ ወሰዳት። እየጮህኩ ራክሻውን፣ ያው ባጃጁን፣ ተከትዬ ሮጥኩ፤ ጎረቤት ይዞ መለሰኝ።

ከዚያ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ወንድሞች መጡ። አዎ፣ አንዳንዶቻችሁ እዚሁ ተቀምጣችኋል፤ አታቀርቅሩ! ጸለያችሁልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን ምን አላችሁ? "ይሄኛው ጋኔን ያለ ጾም አይወጣም፤ እህል ከልክሏት!" በረሃብ ያበደችን ሴት አስራባችኋት! ስጮኽ "እየተቃጠለ ነው" አላችሁ። አንጀቴ ነው የተቃጠለው!

እማማ ዘውዴን ጌታ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ጎረቤቴ ናቸው፣ ከጥንት አማኝ። እናንተ ስትገሥጹ በሩን በርግደው ገቡ። "ተዉ እናንተ! ነቢዩ ሞቴን ስጠኝ ብሎ በረሃ ሲወድቅ መልአኩ ምን ይዞ መጣ? እንጎቻ አይደለም ወይ?"

"እማማ፣ ይሄ መንፈሳዊ ነገር ነው" አለ አንዱ።

"መንፈሳዊው፣ አንተ ምሳህን በልተሃል?" አሉት። ሃሌ ሉያ!

ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፤ ባለቤቴም እየከበደው ተከተለን። ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት። እጄን ገልብጣ አየችና "ምን ትበላለች?" አለችው።

"እኛ የምንበላውን።"

ወደ እኔ ዞረች። "አሲዳ" አልኩ። "ሌላስ?" "አሲዳ።"

ብትቆጣ! "ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ አንጎልም እኮ ይራባል! ማሽላ ብቻ የበላ ሰው ቫይታሚን ይጎድለዋል፤ ቆዳውን ይልጠዋል፣ ሆዱን ያውከዋል፣ አእምሮውን ይነሳዋል። የምን ሰይጣን ነው?" መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ለውዝ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ወተት ብዪ አለችኝ። ለውዝ በከረጢት በሚቆለልበት አገር፣ ወገኖቼ!

እማማ ዘውዴ ቤታቸው አስገቡኝ። እያጎረሱ ይጸልዩልኛል፣ እየጸለዩ ያጎርሱኛል። የሚጠራኝ ድምፅ ዝም አለ። አንድ ማለዳ የልጄን ስም ራሴ ጠራሁና አለቀስኩ። "እማማ፣ ሳልለምነው ያበላኝ ይህ ጌታዎ ማን ነው?" አልኩ፤ እዚያው ተንበርክኬ ተቀበልኩት። ክብር ለስሙ ይሁን!

ብርቱካንን ባለቤቴ ራሱ አመጣልኝ። ዛሬ ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ እኔ ሳልጎርስ እጇን አትዘረጋም።

ወገኖቼ፣ ጌታ በጸሎት ያድናል፣ በሐኪም እጅም በለውዝም ያድናል። እስካሁን ያላመናችሁት ካላችሁ፣ እኛን አይታችሁ አትፍሩት። እሱ ተርቦ የመጣን ሰው ጹም ብሎ አይመልስም። ኑ።