«ለጊዜው ነው»

ሰው ያለ በቂ ምክንያት የሚጠላው አንድ ቃል አያጣም። አሰብ ሳለሁ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ከወሎ የወረዱት ሐጂ፣ «እንግዲህ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ደንበኛ ሲገባ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው ያዞሩ ነበር። «እንግዲህ የሚል ሰው ስኳር ሊገዛ አልመጣም፤ ሊቀመጥ ነው የመጣው» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ምንም አይልም» ስትባል ጥርሷን ትነክሳለች። ነገሩ የጀመራት ቀሚሷ ላይ ሻይ የደፋ እንግዳ፣ ራሱ ደፍቶ፣ «ምንም አይልም» ካላት ወዲህ ነው።

የእኔ ጠላት «ለጊዜው ነው» ናት። ጨዋ ቃል ናት፤ ትሕትናም ያላት ትመስላለች። ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፣ እሷን የሚያስወድድ ምክንያት ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የኤርትራው ፌዴሬሽን ገና አዲስ ሳለ ወደብ ላይ በጸሐፊነት ተመድቤ ከደሴ ወረድኩ። ከደጋ የተላክነው ሠራተኞች በምንኖርበት ሰፈር ሁሉም ነገር ለጊዜው ነበር። ጠረጴዛው ዕቃ የመጣበት የጣውላ ሳጥን ነው፤ ለጊዜው። በር ላይ የተሰቀለው ጆንያ ነው፤ ለጊዜው። የክፍላችን ሹም፣ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት አሰብ ላይ የኖሩ ሰው፣ የግድግዳ ሰዓታቸውን ከነማሸጊያ ጭዱ ከመጣበት ሳጥን አላወጡትም ነበር። በየሳምንቱ ይሞሉታል፤ እሱም ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ይደውላል።

«ለምን አይሰቅሉትም፣ ጌታዬ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ምስማር ልምታ? ምስማር የመታ ሰው እኮ ዝውውር አያገኝም።»

እየቀለዱ አልነበረም። ቤቱን ያበጀ ሠራተኛ «ተደላድሏል» ተብሎ ይረሳል የሚል እምነት ነበረን፤ ማን እንደጀመረው አይታወቅም። አሰብ ይሞቃል፣ አልክድም። ነገር ግን አፋሩ ዓሣ አጥማጅም የመኑ ነጋዴም በዚያው ሙቀት ቤት ሠርተው ልጅ ይድራሉ። ሻንጣ ላይ ተቀምጠን የምናረጀው እኛ ብቻ ነበርን።

ባለቤቴ በተጋባን በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ መጣች። ቀዝቀዝ ያለው ወራት ደህና አለፈ። ማድቤት ስላልነበረን የምታበስለው ከቤቱ ጀርባ፣ ሜዳ ላይ ነበር። መጋቢት ሲጋመስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ጀመር፤ ነፋሱም አሸዋውን እያነሳ ድስቱ ውስጥ ይሞጅረዋል። አንድ ቀን ምሳውን አቅርባልኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ስማኝ» አለች። «የመጣሁት ከአንተ ጋር ልኖር ነው፣ ልጠበስ አይደለም። እስከ ግንቦት ልደታ ጥላ ያለው ማድቤት ካልሠራህልኝ፣ በመጀመሪያው ካሚዮን እናቴ ቤት እገባለሁ።»

«ከዚያስ ትመለሻለሽ?»

«እሱን ደሴ ሆኜ አስብበታለሁ።»

የምትናገረውን የምታደርግ ሴት ናት። በማግስቱ ጭንቀቴን ለሹሙ አዋየኋቸው።

«ቻዪው በላት» አሉኝ። «ለጊዜው ነው።»

ይህች ቃል የምትሠራውን ሥራ ያን ጊዜ አየሁት። «ለጊዜው ነው» የሚል ሰው ጥላ አይሠራም፤ ሚስቱ ጥላው ስትሄድም «ለጊዜው ሄዳለች» እያለ ብቻውን ይበላል። ከቢሮ እንደወጣሁ በቀጥታ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ሰሌን የሚሸጥ፣ በደቡብ ካለው ከራሔይታ መንደር ወገን የሚመጣ አንድ አፋር ያውቁ ነበር። ሰውየው በግመሉ ሰሌን ጭኖ መጣ፤ ለምሰሶ ከአሮጌ ጀልባ የወጣ እንጨት ገዛሁ። ጉድጓዱን ጥልቅ አድርጌ ስቆፍር ጎረቤቶቼ በየተራ እየወጡ ይመለከቱኝ ነበር።

«ጌታው፣ እዚሁ ልትቀበር ነው እንዴ?» አለኝ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ።

«የምቀበርበትን ገና አልወሰንኩም። ምሳ የምበላበትን ግን ወስኛለሁ።»

ሹሙም ጥላቸውን ዘርግተው መጡ። ምሰሶውን በእጃቸው ነቅነቅ አደረጉት፤ አልነቃነቅ አላቸው።

«ይዘሉሃል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ዝውውር ሲመጣ ስምህን አይተው ይዘሉሃል። እኔ የማውቀውን ነው የምነግርህ።»

«ይዝለሉኝ፣ ጌታዬ።»

«አብደሃል ልበል?»

«ይበሉ። ብቻ ለጊዜው ነው አይበሉኝ።»

ሳይስቁ ሄዱ። እኔም ምስማሬን መታሁ፤ አንዱን ሳያስፈልግ ጨመርኩ፣ እንዲሰሙት ብዬ።

ማድቤቱ ሚያዝያ ሳያልቅ አለቀ። ባለቤቴ ምድጃዋን አስገባች፣ ድስቷን ደረደረች፣ ስለ መሄድና ስለ መቅረት ግን አንዲት ቃል አልወጣትም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ምስማር መምታት ደፍሬ ይህን መጠየቅ ግን ፈራሁ። የልደታ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ደሴ የሚወጣ ካሚዮን ደጃችን ቆመ። ሾፌሩ የአገሯ ልጅ ነው፤ ቀደም ብላ ቦታ እንዲይዝላት ልካበት ኖሯል።

«እመቤቴ፣ ዕቃዎ የታለ?» አላት። «ከጎኔ ያለውን ቦታ ለእርስዎ ይዣለሁ።»

ማድቤቱ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና አላለችም።

«ለሌላ ሰው ስጠው። እናቴን በርበሬ ላኪልኝ ብላለች በልልኝ።»

«ምን ያህል ልበላቸው? የወር ብቻ እንዳይመስላቸው።»

«የዓመት። የከርሞውን እዚሁ ራሴ አዘጋጃለሁ።»

ሾፌሩ እኔን አየኝ፤ እኔም የማየው ነገር እንዳለ ሁሉ ወደ ጣሪያው አንጋጠጥኩ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጥላው ስር ገባና ውሃ ጠየቀ።