ሚስቴን ያከሳት የባሕር ሣር

ነገሩ የደረሰብኝ አምና በበልግ፣ እዚሁ አሰበ ተፈሪ ነው። የምጽፈው በሌላ ቤት እንዳይደገም ብዬ ነው፤ የሚሰማኝ መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ባለቤቴ ዘነበች ጉልበቷን ያማት ነበርና የጤና ጣቢያው ሐኪም ክብደት እንድትቀንስ መከራት። በዚያው ሰሞን ከድሬዳዋ በባቡር እስከ ሚኤሶ ዕቃ የምታመላልስ ፋጡማ የምትባል ነጋዴ፣ ከጅቡቲ የመጣ ቡናማ የባሕር ሣር ዱቄት ይዛ ቤታችን መጣች። በውሃ በጥብጦ የጠጣው ሁሉ ይከሳል አለች።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት በራሴ ነው። የሰማሁትን ሁሉ አላምንም። ማን መርምሮ አረጋገጠው ብዬ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ ሂርና ሄደው የጠጡትን ይዩዋቸው። አቦ፣ ዓይን አይበቃም እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ክፉ ሴት አልነበረችም። ሌላ በሽታ ይኖርባት እንደሆነ ዘነበችን ጠየቀቻት። ዘነበች የለብኝም አለች። አንገቷ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅርት ነበረባት፤ ግን በእኛ ደጋ እንቅርት የሌለባት ሴት ጥቂት ስለሆነች፣ በሽታ ብሎ የሚጠራው የለም።

እንዳትጠጣ ከለከልኳት። «የሚያመው የእኔ ጉልበት ነው» አለችኝና ጠጣች።

ብዙም ሳይቆይ ቀሚሷ ሰፋት። ጎረቤቱ አደነቀ። ያ ሁሉ ንባብህ የት ገባ እያሉ ቀለዱብኝ። እኔም ያየሁት እነሱ ያዩትን ነው።

ከዚያ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በደንብ እየበላች ትከሳለች፤ ቁጭ ባለችበት ልቧ ይሮጣል። ድሬዳዋ ወሰድኳት። ሐኪሙ አንገቷን ዳሰሰ፤ ምን እንደጠጣችም ጠየቀ።

«አባቴ፣ ይህ ሣር ጤነኛ ሰው ያከሳል ብሎ ያረጋገጠ ምርመራ አላውቅም» አለኝ። «ውስጡ ያለው ብዙ አዮዲን ግን እንቅርቷን ቀስቅሶታል። እየከሳች ያለችው ስለታመመች ነው።»

መድኃኒት ጀመረች፤ ልቧ ግን አልቻለም። መስቀል ሳይደርስ ቀበርኳት።

ለቅሶ ላይ አንዲት ጎረቤታችን እንባዋን እየጠረገች ዱቄቱ ከየት እንደሚገኝ ጠየቀችኝ። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አስረዳኋት። አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «ግን ከስታ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

አዎ፣ ከስታ ነበር።

አሁን ልጆቼን ያልተመረመረ ነገር አትዋጡ እያልኩ እመክራለሁ። አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙኛል። ለእናታቸውም ይህንኑ ብያት እንደነበር ያውቃሉ።