የእማማ ዘነበች ትንፋሽ

ትናንት አንድ ትሪ እንቁላል ገዝቼ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና የረጠበው ካርቶን ሲሸተኝ ያ የድሮ ንዴቴ ተነሣብኝ። በእንቁላል ካርቶን የሚናደድ ሰው ላታውቁ ትችላላችሁ፤ እኔ እናደዳለሁ። የዘፈንና የመዝሙር ሚክሲንግ፣ ማለትም የተቀረጹ ድምፆችን ማመጣጠን፣ የተማርኩት የካ ሚካኤል አካባቢ፣ ከአንድ ግቢ ጓሮ፣ ግድግዳዋ ድምፅ እንዳያስተጋባ ተብሎ በእንቁላል ካርቶን በተለበጠች ክፍል ውስጥ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስና ክፍሏ ዶሮ ዶሮ ትሸታለች፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ ቀረጻ ይቆምና እስኪያባራ ቆሎ እንቆረጥማለን።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። እንደ ጀማሪ ሁሉ ያልተሰማኝን ነገር ከፍ ማድረግ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ክራሩ አልሰማ ሲለኝ ክራሩን፣ ከዚያ የዘፋኙ ድምፅ ሲዋጥ ድምፁን፣ ከዚያ ከበሮውን፣ በመጨረሻ ሁሉም እየጮኸ ማንም የማይሰማበት የእድር ስብሰባ ይሆንብኛል። አንዱን ከፍ ለማድረግ ሌላውን ዝቅ ማድረግ እንደሚበቃ የገባኝ ቀን ከደስታዬ ብዛት ምሳ መብላት ረሳሁ።

ይህን ያስተማረኝ የስቱዲዮው ባለቤት ጌትነት እንዳይመስላችሁ። የጌትነት ሙያ ኢኮ፣ ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ ማስተጋባት፣ ነበር። ለዘፋኙም ኢኮ፣ ለዋሽንቱም ኢኮ፤ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ቢመጣ እንኳ ሳይጨምርበት አይመልሰውም ነበር።

አንድ ቀን የሰፈራችን እናቶች የጽዋ ማኅበር መዝሙር ሊያስቀርጹ መጡ፤ አውጪዋ ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ናቸው። ልጆች ሳለን በባሕር ዛፉ መሐል ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስንወጣ ከፊት ከፊት እየዘመሩ የሚመሩን እሳቸው ነበሩ፤ ዳገቱ ላይ ቆም ብለው አየሩን ወደ ውስጥ በረጅሙ ሲስቡ እኛም እንቆማለን፣ ድምፃቸው ሲቀጥል እንቀጥላለን። ያ ትንፋሽ ቀረጻውም ላይ ነበረ፣ ከእያንዳንዱ አዝማች በፊት። ከበሮውን ዝቅ አደረግኩ፣ የተቀባዮቹን ድምፅ ወደ ኋላ ገፋሁ፣ ትንፋሹን አልነካሁም። ሳሰማቸው እማማ ዘነበች ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣ «እንዴ! እኔው ነኝ እኮ!» አሉ።

ጌትነት ገባና ጥቂት ሰምቶ ፊቱን አጨማደደ።

«ምንድን ነው ይሄ ደረቅ ነገር? ኢኮ ጨምሪበት። ትንፋሹንም ቁረጪው።»

«ሰው ሳይተነፍስ ይዘምራል እንዴ?»

«ስቱዲዮ ውስጥ አይተነፈስም!» ብሎ ከወንበሩ አስነሣኝ። ትንፋሾቹን አንድ በአንድ ቆረጣቸው፣ ኢኮውን እንደ ዶፍ አወረደው፣ ኮምፒውተሩ ሞልቷል ብሎም የመጀመሪያውን ቀረጻ አጠፋው። የሚያናድደው ደግሞ እናቶቹ እልል ማለታቸው ነው፤ ገደል ውስጥ የሚዘመር የሚመስለው ነገር የመላእክት ዜማ መሰላቸው። እማማ ዘነበች ብቻ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉኝ። በማግስቱ ወደዚያች ክፍል አልተመለስኩም።

ዛሬ ከዚያች ክፍል በብዙ የሚሻል ቦታ፣ በዚያው ሙያ እሠራለሁ። ሰዉ ግን አልተለወጠም፤ አሁንም ኢኮ ካልተጨመረለት የተሠራለት አይመስለውም፣ የሰው ድምፅ የሰው ድምፅ መምሰሉ ለእሱ ጥፋት ነው።

ትናንት ቤት ስደርስ የእማማ ዘነበች ልጅ አስካለ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነበር። የእናቷ ሙት ዓመት ደርሷል፤ ከዚያ መዝሙር በቀር በድምፅ የቀረላት የለም። ስልኳን ከነመዝሙሩ ሰጠችኝና፣ «እባክሽ፣ ኢኮውን ቀንሺልኝ፤ እማዬን ልስማት» አለችኝ።

ወጥ ላይ የበዛ ጨው ተለቅሞ አይወጣም፤ ይህንን ለአስካለ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ያለኝን መሣሪያ ሁሉ ሞከርኩ። ኢኮው ትንሽ ሳሳ፣ ቃላቱም በመጠኑ ተለዩ። ከየአዝማቹ በፊት ግን፣ ዳገቱ ላይ ቆመን ድምፃቸውን እንጠብቅባት በነበረችው ቦታ ላይ፣ ምንም የለም፤ እማማ ዘነበች እዚያ መዝሙር ውስጥ አንድም ጊዜ አይተነፍሱም።